የታዛርት እንግዳ

ጀማነህ ከሞሮኮ ከተመለሰ ወዲህ በኦሃዮዋ ከተማ በዋይትሆል ዝነኛ ሆኗል። ከዚያ በፊትማ ማን ያውቀው ነበር? ኦቤትስ ካለ አንድ መጋዘን ዕቃ ሲያነሣ የዋለበትን ወገቡን ይዞ የሚገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ የሚዘረር አንድ ጎልማሳ ነው። አሁን ግን የሐበሻ ግሮሰሪ ሲገባ ሰው በክርን ይነካካል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ያገኙትን ሁሉ ካልመከሩ ቅዳሴው የማይሞላላቸው ጋሼ መንግሥቱ እንኳ ትከሻውን ቸብ አድርገው «አየንህ እኮ!» ብለውታል። ምን እንዳዩ አልተናገሩም። እሱም አልጠየቀም፤ መታየቱ በቂው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በኮሮና ጊዜ ነው። አገር ምድሩ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ መጋዘኑ ኦቨርታይም ላይ ኦቨርታይም ይጨምር ነበር፤ ጀማነህም ብሬክ በወጣ ቁጥር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ወደ ፊቱ አዙሮ ማውራት ለመደ። ስለ ሥራ አወራ፣ ስለ መኪና ኢንሹራንስ አወራ፣ ስለ ኦሃዮ በረዶ አወራ። ቻናሉን «ከጀማነህ ጋር» አለው። ከጀማነህ ጋር የነበሩት ሰዎች አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። «ሰው ካላየኝ የኖርኩ አይመስለኝም» ብሎ አንድ ቀን ለሚስቱ ለወሰንየለሽ ቢነግራት «ዲሹን እጠብና እኔ አይሃለሁ» አለችው።

መጋዘን ውስጥ ከጎኑ የሚሠራው ሞሃ የሚባል ሞሮኮአዊ ነው። እሱም እንደ ጀማነህ ዲቪ ያመጣው ሰው ነው። ሁለቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይግባባሉ፤ የአንዱ ስብራት ለሌላው ይገባዋል። አራት ዓመት ሙሉ ምሳቸውን አብረው በልተዋል። የጀማነህ መኪና በበረዶ አልነሳ ባለ ቁጥር ከዋይትሆል ኦቤትስ የሚያመላልሰው ሞሃ ነው፤ የሞሃ ሚስት ስትወልድ ሆስፒታል ያደረሳት ደግሞ ጀማነህ ነው። ጀማነህ በአሜሪካ ምድር ወንድም የሚለው ሰው ቢጠየቅ ከአገሩ ልጅ ይልቅ ሞሃን ይጠራ ነበር።

እንግዲህ በ2022፣ ኮሮናው በረድ ብሎ ድንበሩ ሲከፈት፣ ጀማነህ የተጠራቀመለትን የዕረፍት ቀን ይዞ ለቻናሉ አንድ ነገር ልሥራ ብሎ ተነሣ። ሞሮኮ እሄዳለሁ ሲል ሞሃ ሆቴል የሚባል ነገር መስማት አልፈለገም። «እናቴ ቤት እያለ?» አለው። እሱ ራሱ ከመጣ ወዲህ አገሩን አላያትም፤ መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ሕፃኑ ያዘው። «አንተ ካየሃቸው እኔ እንዳየኋቸው ነው» አለና ወደ እናቱ ስልክ መታ።

የሞሃ አገር ታዛርት ትባላለች። ተራራ ሥር የተኮለኮለች ትንሽ ከተማ ናት። ቤቶቿ የድንጋይና የጭቃ ናቸው፤ መንገዶቿ ደግሞ አህያና ሰው ቢገናኙባቸው አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፣ የሚመለሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ነው። ማለዳ ሴቶቹ ያቦኩትን ሊጥ በሳንቃ ላይ አድርገው የሰፈሩ ምድጃ ዘንድ ይወስዳሉ። ማክሰኞ ገበያ ይቆማል። ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ሥር ተደርድረው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላሉ፣ እንግዳ ከሆነ ደግሞ ተነሥተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ጀማነህ ይህን ሁሉ ቀረጸ። እውነቱን ለመናገር ከተማዋን በዓይኑ ያየበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያየለት ስልኩ ነው።

የሞሃ እናት ላላ ራህማ ይባላሉ። «ላላ» እኛ «እትዬ» እንደምንለው ያለ ነው። ለእንግዳው የልጃቸውን አልጋ አነጠፉለት። በዚያ አገር አርብ ማለት ሥጋ ጣል ጣል ያለበት ኩስኩስ የሚበላበት ቀን ነው፤ ጀማነህ ግን አርብ እንደሚጾም ሞሃ አስቀድሞ ነግሯቸው ስለነበር፣ ያን ሳምንት ኩስኩሱን በአትክልት ብቻ፣ ቅቤ ሳይነካው በዘይት ሠሩት። ለአንድ እንግዳ ጾም ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ ሥጋ ሳያይ ዋለ። ይሄን ጀማነህ ለተመልካቾቹ አልነገራቸውም። ቪዲዮው ረዘመበትና ቆረጠው።

ያልቆረጠው ሌላ ነው። በመጣበት ቀን ከግቢው ጀርባ ካለች ክፍል የምንጣፍ ሽመና ድምፅ ሰማ። ኢቶ፣ የሞሃ ታናሽ እህት፣ እዚያ ነው የምትውለው። ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ክፍል ስለሆነ ሻሿን አውልቃ፣ ፀጉሯን ለቅቃ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ነው የምትሠራው። ጀማነህ ስልኩን እንደያዘ ዘው አለ። ኢቶ ቀና ብላ ካሜራውን አየች። አልጮኸችም፤ መዳፏን ወደ ፊት ዘርግታ ፊቷን ጋረደች። ይሄ ምልክት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

«ሶሪ፣ ሶሪ!» አለና ስልኩን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ያደረገው ግን እስከ ደረቱ ነው። አላጠፋውም። እሷ የጠፋ መስሏት እጇን አወረደች፤ ሻሿን እስክታገኝ ድረስ እንዳያፍር ብላ ፈገግ አለችለት፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋም «ዌልካም» አለችው። ያ ሁሉ ተቀረጸ። ጀማነህ እምቢ ማለቷ ገብቶት ነበር፤ አልገባኝም ቢል ይዋሻል። ግን ብርሃኑ ያምር ነበር፣ ክሩ ቀይ ነበር፣ ልጅቷም ቆንጆ ነበረች።

አርብ ዕለት ደግሞ ያ የጾም ኩስኩስ ቀረበ። ጀማነህ ስልኩን የሻይ ማንቆርቆሪያው ላይ አስደግፎ ከላላ ራህማ፣ ከታላቁ ልጃቸውና ከኢቶ ጋር ከአንድ ሳህን ዙሪያ ተቀመጠ። በዚያ ቤት ሥርዓት ሰው ከፊት ለፊቱ ይበላል እንጂ እጁን ወደ ሌላው አይሰድም። ጀማነህ ግን ሆዱ ባባ፤ ሆዱ ሲባባ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ቋንቋ ጉርሻ ነው። ኩስኩሱን ከዱባ ጋር ጠቅልሎ ለእናትየው ዘረጋላቸው። ደነገጡ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ሳቁና አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸውም እየሳቀ ጎረሰ። ለኢቶ ሲዘረጋ ሳቁ ቆመ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ እናቷን አየቻቸው፤ እናትየው በዓይናቸው «እንግዳ ነው» አሏት፤ ጎረሰች።

እስከዚህ ድረስ ጉርሻው አላዋቂነት ነው፤ አላዋቂነት ይታለፋል። ትልቁ ክፋት የተሠራው ዋይትሆል ነው፣ ሶፋ ላይ። ጀማነህ ቪዲዮውን ሲያቀናብር የኢቶን መዳፍና የኢቶን ጉርሻ አገጣጠማቸው። በላዩም በገዛ ድምፁ «የመጀመሪያው ቀን እጇን ዘረጋችብኝ! በሦስተኛው ቀን ከእጄ ጎረሰች! የሐበሻ ወንድ እንዲህ ነው!» አለበት። ርዕሱን «ዓይናፋሯ የሞሮኮ ቆንጆ» አለው። ከጣቶቿ መሃል አንድ ዓይኗ የሚታይበትን መዳፏን ደግሞ የቪዲዮው የፊት ሥዕል አደረገው።

ሕዝብ ጎረፈ። «አግባት» የሚለው በዛ፤ ከዚያም የባሰው በዛ። የባሰውን ጀማነህ አንዳንዱን ደበቀው፣ አንዳንዱን ግን ሰው ይምጣ ብሎ ተወው። ሞሃ «ቪዲዮው የት ደረሰ?» ሲለው «ገና አልጨረስኩትም» ይለዋል። ወሰንየለሽ የባሏን ቻናል ከፍታ አታውቅም፤ የአዛውንት መጦሪያ ውስጥ ሰው ስትንከባከብ ውላ ስትመጣ ሌላ ሰው የምታይበት ጉልበት የላትም። የአሥራ አምስት ዓመቷ ያኤልም የአባቷን ነገር በሩቁ ነው የምትሸሸው፤ ጓደኞቿ እንዳያዩባት።

በጁላይ መጨረሻ አንድ እሑድ ወሰንየለሽ ሞሃን እራት ጠራችው። «የሰውየው ቤተሰብ አንተን አክብሮ፣ እኛ እሱን እዚህ ዝም እንበለው?» አለች። የሥጋ ነገር እንዳያስቸግር ብላ ሽሮና አሳ ሠራች። ሞሃ ሚስቱና ሕፃኑ ጉንፋን ስለያዛቸው ብቻውን መጣ፤ የኬክ ካርቶን በእጁ ይዞ፣ ጀማነህ ባስተማረው አማርኛ «እትዬ ወሰን፣ እንደምን አመሸሽ» እያለ ገባ።

ገና ሁለት ጊዜ እንደጎረሰ ወሰንየለሽ ጉርሻ ዘረጋችለት። ሞሃ ሳቁ መጣ። «አውቀዋለሁ! አውቀዋለሁ!» አለ። «እናቴ ነግራኛለች። ይሄ ሰው ቤታችን ገብቶ ሁላችንንም እንደ ሕፃን አበላን አለች። የምናደርገው ጠፋን፣ እንግዳ እምቢ አይባልም፣ በላን አለች። እስካሁን ለጎረቤት እየነገረች ትስቃለች።»

ጀማነህም ከት ብሎ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሚፈራው ይሄ ጉርሻ ነበርና ከትከሻው ላይ አንድ ነገር የወረደ መሰለው። አልፏል፣ አለ በልቡ። ያኔ ሞሃ እጁን በናፕኪን ጠርጎ «እኔ ግን እናቴን ማየት እፈልጋለሁ» አለ። «ቪዲዮውን መቼ ነው የምትጨርሰው?»

«ትንሽ ቀርቶታል» አለ ጀማነህ።

ያኤል ከስልኳ ቀና አለች። አባቷን ለማሳፈር አልነበረም፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ልትኮራበት ፈልጋ ነበር። «ዳድ፣ ኢትስ ዳን! ጓደኛዬ ሐምራዊት አይታዋለች፣ ኢትስ ላይክ፣ ሱፐር ፖፑላር» አለችና ጀማነህ አፉን ሳይከፍት ቴሌቪዥኑ ላይ ለቀቀችው።

መጀመሪያ ተራራው መጣ። ቀጥሎ ምድጃው፣ ገበያው፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሞሃ ከወንበሩ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። አንዱን ሽማግሌ በጣቱ እየነካ «ይሄ ፊደል ያስተማረኝ ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጀማነህ ሪሞቱን ከያኤል እጅ ለመውሰድ እጁን ዘረጋ፤ ግን ምን ብሎ ይውሰድ?

መዳፉ ቴሌቪዥኑን ሞላው። የጀማነህ ድምፅ «ሶሪ፣ ሶሪ» አለ። ከዚያ ሥዕሉ ወደ ታች ዝቅ አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ረጋ፤ ከሥር ወደ ላይ ሆኖ ኢቶን ማሳየቱን ቀጠለ። እጇን ስታወርድ፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ፈገግ ስትል፣ ሻሿን ስትፈልግ። ወዲያው ጉርሻው መጣ፣ በላዩም የጀማነህ ሳቅና አማርኛ።

«ምን እያለ ነው?» አለ ሞሃ። የጠየቀው ጀማነህን አይደለም። ያኤልን ነው።

ያኤል ፈገግ እንዳለች መተርጎም ጀመረች። «የመጀመሪያው ቀን እጇን... ላይክ፣ አቆመችኝ ይላል። ከዚያ በሦስተኛው ቀን...» ፈገግታዋ ጠፋ። አባቷን አየችው። «ዳድ፣ የግድ ልበለው?»

ሞሃ ይጠብቃል። ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቀስ ብላ ጨረሰችው፤ ከእጄ ጎረሰች የሚለውንም፣ የሐበሻ ወንድ የሚለውንም፣ አንድም ሳታስቀር። ወሰንየለሽ ሪሞቱን አንሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«ስልኩን ዝቅ አደረግከው» አለ ሞሃ።

«አዎ።»

«ያጠፋኸው መሰላት።»

«አዎ» አለ ጀማነህ።

ሞሃ ተነሥቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ጀማነህ ይጮኻል፣ ሳህኑን ይገፋል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ይሻለውም ነበር። ሞሃ ግን የቀረበለትን ሽሮ አንድ ሳያስቀር በልቶ ጨረሰ፤ የሴትየዋ እጅ የሠራው ነው፣ እሷ ምን አደረገችው? «እትዬ ወሰን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ጀማነህ ሊሸኘው እስከ በሩ ተከተለው። ሞሃ ዞር ብሎ አላየውም።

ያኤል ወደ ክፍሏ ስትሄድ አባቷ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። «ሺ ሴድ ኖ፣ ዳድ» አለችው። ጀማነህ ብዙ ጊዜ ልጁ በእንግሊዝኛ ስትናገር አልገባኝም እያለ ያመልጣት ነበር። ይሄኛው ገባው።

ወሰንየለሽ ሳህኖቹን እየሰበሰበች «እህትህን ፋንቱን አንድ እንግዳ እቤቷ ገብቶ እንዲህ ቢያደርጋት ምን ታደርገው ነበር?» አለችው።

«እገድለው ነበር» አለ፤ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ።

አፈረ። በልጁ ፊት አፈረ፣ በሚስቱ ፊት አፈረ፣ ከሁሉ በላይ ግን ያ «ዌልካም» አሳፈረው። ልጅቷ ያለችው ሳታውቀው እየሰረቃት ላለ ሰው ነው። ቪዲዮውን ወዲያው አጠፋው። ዳሩ ምን ዋጋ አለው? ሌሎች ወስደው በየቻናላቸው ለጥፈውታል፤ በገዛ ድምፁ፣ በገዛ ሳቁ። አንዱን ፈልጎ አግኝቶ «ያለ ፈቃዴ ነው የወሰድከው፣ አውርደው» ብሎ ጻፈለት። ሰውየው «አንተስ አስፈቅደህ ነው?» ብሎ መለሰለት። ጀማነህ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

መጋዘን ውስጥ ሞሃ ሰላምታውን አልነፈገውም። «ጉድ ሞርኒንግ» ይለዋል፣ ከባድ ሳጥን ሲመጣ ያግዘዋል። ምሳውን ግን መኪናው ውስጥ ብቻውን ይበላል። ጀማነህ የብሬክ ክፍሉ ውስጥ ከፊት ለፊቱ ያለውን ባዶ ወንበር እያየ ምሳውን ሳይጨርስ ይነሣል። ቢሰድበው መልስ ይኖረው ነበር፤ ጨዋነት ግን መልስ የለውም። ሳምንት እንዲህ ከሄደ በኋላ አንድ ቀን የሞሃን የመኪና መስኮት አንኳኳ።

«ይቅርታ ልጠይቃት» አለው። «አንተን አይደለም። አንተን በኋላ። እሷን።»

ሞሃ ዳቦውን አስቀመጠ። «ነግሬያታለሁ» አለ። «ሌላ ሰው ከሚነግራት ብዬ። ከዚያ ወዲህ ምንጣፍ ክፍሉን ከውስጥ እየቆለፈች ነው የምትሠራው። እናቴ አታውቅም። እናቴ አሁንም ያ ጥሩ ሰው መቼ ነው የሚመለሰው ትለኛለች።»

ሞሃ ብዙ ካሰበ በኋላ የበሩን ቁልፍ ከፈተለትና «ግባ» አለው። ስልኩን አውጥቶ በድምፅ ብቻ ደወለ። ታዛርት መሽቶ ነበር። ኢቶ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለች፤ ወንድሟ ማን አጠገቡ እንዳለ ሲነግራት ስልኩን አልዘጋችም።

ጀማነህ የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ በሁለቱ ወንበር መሃል አስቀመጠው፤ ኪሱ ውስጥ እየቆረቆረው ነበር። ሌሊቱን ሲያሰናዳው ያደረው ረጅም ንግግር ጠፋበት። «አይቼሻለሁ በላት» አለ። «እጅሽን ስትዘረጊ አይቼሻለሁ። እምቢ ማለትሽ ገብቶኝ ነበር። ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። አውቄ ነው ያደረግሁት። ቤታችሁ አብልቶኝ፣ አልጋ ሰጥቶኝ፣ ስሜ እንዲጠራ ብዬ አዋረድኩሽ። ይቅር በይኝ በላት።»

ሞሃ ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ ተረጎመላት። ከዚያ ኢቶ አንዲት አጭር ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ይሄም እየተቀረጸ ነው ወይ ትላለች።»

ጀማነህ ወደ ሞሃ ዞረ። «አይደለም!» አለ። «በልጄ በያኤል እምላለሁ፣ አይደለም በላት!»

ሞሃ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከፈተና ተወው። ዓይኑ በወንበሮቹ መሃል ወደተቀመጠው የጀማነህ ስልክ ወረደ። ጀማነህ የወንድሙን ዓይን ተከትሎ አየ፤ ምን እየሆነ እንዳለ ሲገባው ስልኩን አንሥቶ ከፈተና ሰጠው። ሞሃ ተቀበለው። አየው፣ ገልብጦም አየው፣ ምንም አልነበረም። መልሶ አስቀመጠውና ለእህቱ በቋንቋቸው «አይደለም» አላት።

ደግሞ አላት። ኢቶ ግን ዘግታዋለች።